ጎግል ላይ የማይወጣው ሱቅ

ፋሲካ ሲቃረብ ሽሮ ሜዳ መተላለፊያ ያጣል። ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በየሱቁ በር ላይ ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ኩታው ተሰቅሎ ንፋስ ያወዛውዘዋል። ገዢው ጥለት ያማርጣል፣ ዋጋ ይከራከራል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ በገባሁበት ሱቅ ግን ክርክሩ የዋጋ አልነበረም። ባለሱቋ ስልካቸውን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ከምትኖረው የእህታቸው ልጅ ጋር ይሟገታሉ።

«አክስቴ፣ የሱቁን ስም ጽፌ ፈለግኩት እኮ። አይወጣም። የሌላ ሰው ሱቅ ነው የሚያመጣልኝ።»

«እንዴት አይወጣም? ይኸው እኔ ስልክ ላይ ተከፍቶ ይታያል! ቀሚሶቹም አሉ፣ ዋጋውም አለ።»

«አንቺ ጋ ይከፈት ይሆናል። እዚህ ጓደኞቼም ሞክረው አጡት።»

ድረ ገጹ ከተሠራ ወራት አልፈዋል። ባለሱቋ ለሠራላቸው ሰው ከፍለዋል፤ የዶሜይንና የሆስቲንግ ክፍያም በየዓመቱ ይጠብቃቸዋል። ተስፋቸው ውጭ አገር ያለው ወገን ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለበዓል ልብስ ሲፈልግ በመሃል ሌላ ሰው ሳይገባ በቀጥታ እንዲያገኛቸው ነበር። ጭቅጭቁ እንደቀጠለ ኮምፒውተር የሚያውቅ የሰፈር ልጅ ላፕቶፑን ይዞ ገባና ነገሩን አዳመጠ።

«እናቴ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አላቸው። «እርስዎ አድራሻውን ስለሚያውቁት እሱን ጽፈው ይገባሉ። እሷ ግን የምትጠይቀው ጎግልን ነው። ጎግል ደግሞ የእርስዎን ሱቅ አያውቀውም።»

ብዙ ሰው ድረ ገጹ ኢንተርኔት ላይ ከዋለ ጎግል ወዲያው የሚያየው ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አንድ ሰው ቃል ጽፎ ሲፈልግ ጎግል በዚያች ቅጽበት ኢንተርኔትን ዞሮ አያስስም፤ አስቀድሞ አንብቦ ያደራጀውን የራሱን መዝገብ ያገላብጣል እንጂ። ባለሙያዎቹ ይህን መዝገብ ኢንዴክስ ይሉታል። ወመዘክር ገብቶ ካርድ ያልተሠራለት መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ቢኖርም ካርድ እያገላበጠ ለሚፈልግ አንባቢ የለም፤ ኢንዴክስ ያልገባ ገጽም ዕጣው ይኸው ነው። የጎግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ፣ በ1998 ስለ አዲሱ የፍለጋ ሞተራቸው ባቀረቡት ጽሑፍ መዝገባቸው ቢያንስ 24 ሚሊዮን ገጾችን እንደያዘ ገልጸው ነበር፤ እዚህ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዛሬ ኩባንያው በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ገጾችን መዝግቤያለሁ ይላል። ያም ሆኖ በዓለም ላይ ያለውን ሁሉ አይዝም፤ እይዛለሁ ብሎም ቃል አይገባም።

ገጽ ወደዚህ መዝገብ የሚገባው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ጎግል ገጹ መኖሩን ማወቅ አለበት። የሚያውቀውም በአብዛኛው ከሌላ ገጽ ላይ ባገኘው ሊንክ ነው፤ ጎግልቦት የተባለው ሮቦት ከሚያውቀው ገጽ ተነሥቶ ሊንክ እየተከተለ ወደማያውቀው ይደርሳል። ቀጥሎ ገጹን ከሰርቨሩ ያወርዳል፣ እንደ ብሮውዘር ከፍቶ ጽሑፉን፣ ርዕሱን፣ ምስሉን ይመረምራል። ከዚያ ይህ ገጽ ይመዝገብ ወይስ ይታለፍ የሚለው ይወሰናል። ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል የሚለው የደረጃ ጉዳይ የሚነሳው ገጹ ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ ብቻ ነው።

ኤስኢኦ፣ ማለትም ድረ ገጽ በፍለጋ ሞተር ላይ ከፍ ብሎ እንዲወጣ የማድረግ ሥራ፣ እንሠራለን የሚሉት ማስታወቂያዎች ግን ወሬውን የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው። በአጭር ጊዜ የጎግል የመጀመሪያ ገጽ ላይ እናወጣችኋለን ይላሉ። ጎግል ገጽን ቶሎ ለማንበብም ሆነ ደረጃውን ከፍ ለማድረግ ከማንም ገንዘብ እንደማይቀበል በመመሪያው ላይ በግልጽ ጽፏል። የሚከፈልበት ማስታወቂያው ብቻ ነው፤ እሱም ክፍያው ሲቆም አብሮ ይቆማል። የመጀመሪያውን ቦታ በዋስትና እሸጥልሃለሁ የሚል ሰው የራሱ ያልሆነውን ነው የሚሸጠው። ይህን አጥብቄ የምለው፣ በዚህ ተስፋ ገንዘባቸውን የሚያወጡት በአብዛኛው ትንንሽ ነጋዴዎች ስለሆኑ ነው።

ልጁ ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ ዘረጋ። ጎግል ላይ «ሳይት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጽፎ፣ ኮለን አስከትሎ፣ ክፍት ቦታ ሳይተው የድረ ገጹን አድራሻ ቀጠለበት። ይህ ትእዛዝ ጎግል ከዚያ ድረ ገጽ የመዘገባቸውን ገጾች ያወጣል፤ የተሟላ ቆጠራ ባይሆንም ለመነሻ ይበቃል። ባለሱቋ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ምንም የለም ማለት ነው?»

«ምንም። አንድም ገጽ።»

«እና የከፈልኩት ገንዘብ?»

«ሥራውስ ተሠርቷል እናቴ። አንድ ነገር ሳይነካ ቀርቶ ይሆናል። እስቲ እንየው።»

ድረ ገጹ የተሠራው ወርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ነው። በወርድፕረስ ሴቲንግስ ውስጥ፣ ሪዲንግ የሚለው ክፍል ሲከፈት፣ ከታች በኩል አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክት ከተደረገባት የፍለጋ ሞተሮች ድረ ገጹን እንዳይመዘግቡት ትጠይቃለች። ሠሪዎች ሥራው ሳያልቅ ጅምሩ ለሰው እንዳይታይ ምልክት ያደርጉባታል፤ ይህ ተገቢ ነው። ሥራው አልቆ ርክክብ ሲደረግ ግን ምልክቱን ማንሳት ይረሳል። የሽሮ ሜዳውን ሱቅ ከዓለም የሰወረችው ይህች ሳጥን ነበረች። ልጁ ምልክቱን አነሳና ሴቭ አደረገ። ወራት የፈጀው ችግር በአንድ ንክኪ ተፈታ።

«ይህን የሠራው ሰውዬ አያውቅም ነበር?» አሉ ባለሱቋ።

ጥያቄያቸው ልክ ነው። ድረ ገጽ አስረክቦ ኢንዴክስ መግባቱን ሳያረጋግጥ የሚሄድ ባለሙያ ሥራውን አልጨረሰም።

ሳጥኗ ከበስተጀርባ የምትሠራውን ማወቅ ይጠቅማል፤ ብዙ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ላይ ነውና። በ2019 ከወጣው የወርድፕረስ 5.3 ስሪት ጀምሮ፣ ምልክት ሲደረግባት በየገጹ ኮድ ውስጥ «ኖኢንዴክስ» የሚል ትእዛዝ ታስገባለች። ከዚህ ጋር ዘወትር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ፤ «ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ» የሚባል ትንሽ ፋይል። ይህ ፋይል ከጎግል በዕድሜ ይበልጣል። በ1994 ሮቦቶች ሰርቨሮችን ማጨናነቅ ሲጀምሩ፣ ማርታይን ኮስተር የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ የድረ ገጹ ባለቤት ሮቦት እንዲገባበት የማይፈልገውን ክፍል በአንድ ፋይል ላይ ይጻፍ፣ ሮቦቱም ከመግባቱ በፊት ያንብበው። አሠራሩ ለ28 ዓመታት በልማድ ብቻ ኖሮ፣ በ2022 አርኤፍሲ 9309 ተብሎ በኢንተርኔት ደንቦች መዝገብ ገባ።

የሁለቱ ልዩነት ይህ ነው፦ የሮቦትስ ፋይሉ አትግባ ይላል፤ ኖኢንዴክስ ደግሞ ግባና አንብብ፣ ግን አትመዝግብ ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ሰው የፈለገውን ተቃራኒ ሊያገኝ ይችላል። ሮቦቱ እንዳይገባ ከታገደ ውስጥ የተጻፈውን ኖኢንዴክስ ማየት አይችልም። ሌሎች ድረ ገጾች ወደዚያ ገጽ ሊንክ ካደረጉ ደግሞ፣ ጎግል ውስጡን ሳያነብ አድራሻውን ብቻ ሊመዘግበው ይችላል። የሮቦትስ ፋይልን ምስጢር መደበቂያ አድርገው የሚቆጥሩ መሥሪያ ቤቶችም አሉ። ፋይሉን ማንም ሰው ከፍቶ ሊያነበው ይችላል፤ በውስጡ አትግቡበት ተብሎ የተዘረዘረው ሁሉ የት እንዳለ የሚጠቁም ነው የሚሆነው። የደንበኞች ስልክ ዝርዝርና የውስጥ ሰነድ የሚጠበቀው በይለፍ ቃል ነው።

ልጁ ቀጥሎ ጎግል ሰርች ኮንሶል ውስጥ ገባ። ይህ መሣሪያ ነጻ ነው። ባለቤትነቱን ላረጋገጠ ሰው ጎግል ስለ እያንዳንዱ ገጽ ምን እንደሚያውቅ ያሳየዋል፦ ገጹ መቼ እንደተነበበ፣ ተመዝግቦ እንደሆነ፣ ካልተመዘገበም ምክንያቱን። የሱቁ የፊት ገጽ አድራሻ ሲገባበት በኖኢንዴክስ ምክንያት እንዳልተመዘገበ ነገረን። ልጁ አሁን እንደተስተካከለ አስመረመረና እንዲመዘገብ ጥያቄ አቀረበ። ከዚያ የሳይትማፑን አድራሻ ሰጠ። ሳይትማፕ የድረ ገጹን አድራሻዎች የሚዘረዝር ፋይል ነው፤ ጎግል በ2005 አስተዋውቆት በ2006 ያሁና ማይክሮሶፍትም ተቀብለውታል። አንዱ ፋይል እስከ 50,000 አድራሻ ይይዛል፤ ወርድፕረስም ከ2020 ጀምሮ ራሱ ስለሚያዘጋጀው ለሱቅ የሚሆነውን በእጅ መጻፍ አያስፈልግም። ሆኖም ሳይትማፕ ጥቆማ ነው። ይህን ሁሉ መዝግብልኝ ብሎ የሚያስገድድ ኃይል የለውም። ለማይክሮሶፍቱ የፍለጋ ሞተር ለቢንግ ደግሞ በ2021 የወጣው ኢንዴክስናው የተባለ አሠራር አዲስ ወይም የተለወጠ ገጽ ሲኖር ወዲያው ያሳውቃል።

«ታዲያ መቼ ይወጣል?»

«ከጥቂት ቀን እስከ ጥቂት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ደጋግሞ መጠየቅ አያፈጥነውም።»

«ለፋሲካ አይደርስም በለኛ» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ ነበር።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ተመልሼ ስሄድ የሱቁ ስም ጎግል ላይ ይወጣ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውም ልጅ አግኝታዋለች። ቀሚሶቹ ግን አልወጡም። ለእያንዳንዱ ቀሚስ የተለየ ገጽ ቢኖረውም ሰርች ኮንሶሉ አብዛኞቹን ተነብበዋል፣ ለጊዜው ግን አልተመዘገቡም በሚለው ክፍል ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ይህን መልስ ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ የቴክኒክ ብልሽት ይፈልጋል፤ አንዳንዴም ይኖራል። ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን፣ ሮቦቱ መጥቶ ምን አነበበ የሚለው ነው።

አንዱን ገጽ ከፈትን። የሚያምር ቀሚስ የለበሰች ልጅ ፎቶ አለ። ዋጋው፣ መጠኑ፣ የሱቁ ስልክ፣ ሁሉም ፎቶው ላይ በጌጠኛ ፊደል ታትሟል። ከፎቶው ውጭ በገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ «ምርት» የሚል ርዕስና «ይግዙ» የሚል ቁልፍ ብቻ ነው። ሁለተኛው ገጽ እንዲሁ፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ለሰው ዓይን እያንዳንዱ ገጽ ይለያያል፤ ጽሑፍ ለሚያነብ ሮቦት ግን ሁሉም አንድ ናቸው። ከፊት ገጹ ወደ ቀሚሶቹ የሚወስደው ቁልፍም በጃቫስክሪፕት የሚንቀሳቀስ እንጂ አድራሻ የያዘ ሊንክ አልነበረም። ሮቦቱ ቁልፍ አይጫንም፤ የሚከተለው ሊንክ ነው። ቀሚሶቹን ያወቃቸው በሳይትማፑ ብቻ ነበር። ባለቤቱ እንኳ ሊንክ ያላደረገለትን ገጽ ጎግል ቁም ነገር አለው ብሎ የሚያስብበት ምክንያት ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ለእኔ የጉዳዩ ልብ የሆነው ነገር መጣ። ልጁ ለመጀመሪያው ቀሚስ መግለጫ ሊጽፍ ተዘጋጀና «ምን ልበል?» አላቸው። ባለሱቋ ቀሚሱን ከተሰቀለበት አውርደው ጥለቱን በጣታቸው እየዳሰሱ ተናገሩ። ጨርቁ መነን እንደሆነ፣ ጥለቱ በእጅ የተሸመነ እንጂ በማሽን የተጠለፈ እንዳልሆነ፣ ለክርስትና እናት የሚስማማው ለምን እንደሆነ፣ ቁመቷ አጠር ያለ ሴት ከወገቡ በላይ ምን ማስተካከል እንዳለባት፣ በሙቅ ውኃ ቢታጠብ የጥለቱ ቀለም እንዴት እንደሚለቅ። ልጁ ለመጻፍ ተቸገረ፤ እሳቸው ግን አላለቀባቸውም። ሜሪላንድ ያለች ሙሽራ ጎግልን የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። መልሱ ሽሮ ሜዳ አለ፤ በጽሑፍ ስላልወጣ ግን የፍለጋ ሞተሩ ሊያመጣላት አይችልም። የሽመናው፣ የመድኃኒቱ፣ የእርሻው፣ የሕጉ እውቀት በሰው አፍ ብቻ እያለ በአማርኛ ፈልገን መልስ ብናጣ ሊደንቀን አይገባም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም። እያንዳንዱ ገጽ «ምርት» መባሉ ቀርቶ ልብሱን የሚገልጽ የራሱ ርዕስ አገኘ። ዋጋውና መጠኑ ከፎቶው ወጥተው በፊደል ተጻፉ። ለየፎቶው ማየት ለማይችሉ ሰዎች ጭምር የሚያገለግለው ተለዋጭ ጽሑፍ ተሞላለት። ከፊት ገጹ እስከ ቀሚሶቹ እውነተኛ ሊንክ ተዘረጋ። ልጁ ገጹን በስልክ እየከፈተ ነበር የሚያረጋግጠው፤ ጎግል ገጾችን የሚመዝነው በስልክ በሚታዩበት መልክ ነውና። ከሐምሌ 2024 ወዲህ በስልክ ጨርሶ የማይከፈት ድረ ገጽ አይመዘገብም። አንድ ያልሠራው ነገር አለ፤ ቁልፍ ቃላት በሚለው ስውር ሳጥን ውስጥ ሃምሳ ቃል አልደረደረም። ጎግል ያንን እንደማይጠቀምበት በ2009 ካስታወቀ ቆይቷል፤ ዛሬም ግን በገንዘብ ይሸጣል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የራሱ ጣጣ አለ። «ሐበሻ ቀሚስ» ብሎ የሚፈልግ አለ፣ «ሀበሻ» የሚልም «አበሻ» የሚልም አለ፤ በላቲን ፊደል የሚጽፈው ደግሞ ይበዛል። የፍለጋ ሞተሩ አንዳንዱን ያዛምዳል፤ ሁሉን ያዛምዳል ብሎ መተማመን ግን አይገባም። የሚሻለው አንዱን አጻጻፍ መርጦ በርዕስና በጽሑፍ ውስጥ መጽናት፣ ሌላውን በተፈጥሮ በሚመጣበት ቦታ፣ ለምሳሌ ደንበኞች ስለሚጠሩባቸው ስሞች በሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማንሳት ነው። ሦስቱንም በየመስመሩ መደጋገም አንባቢን ያስመርራል፤ ጎግልም እንደ ማጭበርበር ያየዋል። የገጹን አድራሻ በተመለከተ፣ በፊደላችን የተጻፈ አድራሻ ጎግል ያለ ችግር ያነበዋል። ሆኖም እያንዳንዱ ፊደል ሲላክ ወደ ዘጠኝ ምልክት ይለወጣል፤ «ሐበሻ» የሚለው ብቻ 27 ምልክት ይሆናል ማለት ነው። ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ያ ረጅም ኮተት ሰውን ያስፈራዋል። ስለዚህ አጭር የላቲን አድራሻ እመርጣለሁ፤ ርዕሱና ጽሑፉ ግን በአማርኛ ይሁኑ።

ሌላው የቆየ ዕዳ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999፣ በ3.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር የራሱን ኮድ ይጠቀም ነበር፤ ብዙ ድርጅቶችም ከዚያ በኋላ ለዓመታት በዚያው ቀጥለዋል። በነዚያ ፊደሎች የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ለዓይን አማርኛ ነው፤ ለሮቦት ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ክምር ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከሰነዱ አንድ መስመር ቀድታችሁ ሌላ ቦታ ለጥፉ። አማርኛው ከተበላሸ ለፍለጋ ሞተርም የተበላሸ ነው፤ እንደገና በዩኒኮድ መጻፍ ይኖርበታል። መጽሔቶቻችን፣ የዩኒቨርሲቲ ጽሑፎቻችን፣ አዋጆቻችን በዚህ መልክ የተቀመጡ ከሆነ ባለቤቶቻቸው ሊያስቡበት ይገባል።

ፌስቡክና ቴሌግራምን የሚያጣጥል ነገር አልናገርም፤ የሽሮ ሜዳ ሱቆችም ብዙ ደንበኛ የሚያገኙት በነሱ ነው። ነገር ግን እዚያ የተለጠፈ ነገር በማግሥቱ በሌላ ልጥፍ ይዋጣል፤ ብዙው ደግሞ በአካውንት ሳይገቡ ስለማይታይ ለፍለጋ ሞተር አይደርስም። ከእነዚያ ገጾች ወደ ራስ ድረ ገጽ ሊንክ ማድረግ ሰውን ያመጣል። ለፍለጋ ሞተሩ ይበልጥ የሚረዳው ግን ሌላ ግልጽ ድረ ገጽ፣ የሠርግ አዘጋጅም ይሁን የማኅበር ወይም የጋዜጣ፣ የሚያደርገው ሊንክ ነው። ይህ ሊንክ ደረጃ ለማሳደግ ተብሎ በገንዘብ ሲገዛ የጎግልን ደንብ ይጥሳል፤ በእውነተኛ ትውውቅ ሲመጣ ግን ድረ ገጹ በሰዎች ዘንድ የሚታወቅ መሆኑን ያስረዳል።

ድረ ገጽ ልታሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ሠሪውን አጠገባችሁ አስቀምጡና ሰርች ኮንሶሉን በራሳችሁ ኢሜይል እንዲከፍትላችሁ አድርጉ። የዶሜይኑ ባለቤትነትም በስማችሁ ይመዝገብ። የፊት ገጹና ዋና ዋና ገጾች መመዝገብ እንደሚችሉ እዚያው በዓይናችሁ አይታችሁ ተረከቡ። ድረ ገጽ ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ «ሳይት» የሚለውን ትእዛዝ በአድራሻችሁ ሞክሩት፤ ባዶ ከመጣ የሠራላችሁን ሰው ጠርታችሁ ጠይቁት፣ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት።